አምፖሉ ሲቀየር ጫጩቶቹ ለምን በረዳቸው?

ለ2016 ገና ወደ አምቦ ስሄድ ለእናቴ የያዝኩላት ስጦታ አንድ ካርቶን የኤልኢዲ አምፖል ነበር። ነጠላም ቡናም ሌሎቹ ልጆች ይዘውላታል። እኔ ደግሞ በየወሩ ስደውል የምትነግረኝን የመብራት ሂሳብ እያሰብኩ አሥራ ሁለት አምፖል ገዛሁ። ባለ 9 ዋት፣ ነጭ ብርሃን፣ ሻጩ «ስምንት ዓመት አይነካም» ያለኝ ዓይነት ነው።

በዋዜማው ማታ ቤቱን በሙሉ ቀየርኩት። ሳሎኑን፣ ሁለቱን መኝታ ክፍሎች፣ ማድቤቱን፣ የበረቱን፣ የዶሮ ቤቱን። መጨረሻ ላይ የቀረው አሮጌው ማድቤት ነበር። እዚያ ጥግ ላይ በካርቶን ተከልለው፣ ሰጋቱራ ተነጥፎላቸው፣ የሦስት ቀን ዕድሜ ያላቸው ሃምሳ ጫጩቶች ነበሩ። ከላያቸው ሁለት ባለ 60 ሻማ ቢጫ አምፖሎች ተንጠልጥለዋል። ስፈታቸው እጄን ስላቃጠሉኝ በጨርቅ ይዤ ነው ያወረድኳቸው። ያ ቃጠሎ ራሱ የሚነግረኝ ነገር ነበረው፤ አልሰማሁትም። ሁለት ኤልኢዲ አስገባሁ። ክፍሉ ቦግ አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ደመቀ» አለች፤ ሁላችንም ወደ እንቅልፋችን ሄድን።

በገና ማለዳ ስንገባ ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተከምረው አገኘናቸው። ከላይ ያሉት ይንጫጫሉ። ከታች ያሉት ዝም ብለዋል። ስንቆጥር ሃያ ሁለቱ ሞተዋል።

ጫጩቶቹ የተገዙት በዕቁብ ብር ነው። የእንቁላሉ ገንዘብ የታሰበው ከእርሷ ጋር ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ወጪ ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። የሞቱትን በሰፌድ እየለቀመች፣ «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር፤ የተማረው ልጄ ያመጣው ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ነው የከበደኝ።

ይህን የምጽፈው ኤልኢዲ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ያኔ ከሰቀልኳቸው አሥሩ ዛሬም ይሠራሉ፤ ሂሳቡም ቀንሷል። ጥፋቱ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ መቀየሬ ነው፦ ይህ አምፖል እዚህ የተሰቀለው ለብርሃን ነው ወይስ ለሙቀት? ከአዲስ አበባ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ዳር ጥቂት ዶሮና አንድ ሁለት ላም ይዘው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወላጆችና አያቶች ብዙ ናቸው። ከተማ ያሉ ልጆቻቸውም እንደ እኔ አምፖል ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ የእኛን ቤት ኪሳራ ለሌላው ማስተማሪያ ማድረጉ ይሻላል ብዬ ነው።

ቢጫው አምፖል ምድጃም ነበር

የድሮው አምፖል አሠራር ቀላል ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እስኪነድ ድረስ ይግላል፤ ከመጋሉ የተነሣም ያበራል። ከሚበላው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለወጠው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው ሙቀት ነው። ስለዚህ ባለ 60 ሻማ አምፖል ሲበራ፣ ጥቂት ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሰናል ማለት ይቻላል። ሳሎን ውስጥ ያ ሙቀት ብክነት ነው። ከጫጩት በላይ ሲንጠለጠል ግን ዋናው ሥራ እርሱ ነው።

ኤልኢዲ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የሚግል ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪኩ በጣም ትንሽ በሆነ ጠጣር ቁስ ውስጥ ሲያልፍ ብርሃን ይወጣል። ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲ ከቆየ ዘመን ጀምሮ ነበር። ለቤት የሚሆነው ነጭ ብርሃን የተገኘው ግን ሰማያዊው ከተሠራ በኋላ ነው። ይህን የሠሩት ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የባለ 60 ሻማውን ያህል ብርሃን ይሰጣል። ሙቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እርሱም ወደታች ለጫጩቱ ሳይሆን ወደ አምፖሉ አንገት ነው የሚሄደው።

እኔ በዚያች ሌሊት ከጫጩቶቹ ላይ የ120 ዋት ምድጃ አንሥቼ 18 ዋት ሰጠኋቸው። ያውም በታኅሣሥ ማለቂያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለች ከተማ።

ቁጠባው ግን እውነት ነው

የጫጩት ቤቱን ለጊዜው እንተወውና ለብርሃን ብቻ የሚበሩትን እናስላ። አንድ ቤት በሳሎን፣ በመኝታ፣ በማድቤት፣ በበረት፣ በዶሮ ቤትና በደጅ አሥር ባለ 60 ሻማ አምፖል አለው እንበል። እያንዳንዱ በቀን አምስት ሰዓት ይበራል። ይህ በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አሥሩንም ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ስናደርጋቸው የወሩ ፍጆታ ወደ 13.5 ይወርዳል። ልዩነቱ 76.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

ልዩነቱ በብር ሲታይ ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ይከብዳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ ደረጃ የተከፈለ ስለሆነ፣ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይጨምራል። በታኅሣሥ 2011 ተጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ በተተገበረው ታሪፍ፣ በመጨረሻ ላይ ትንሹ ዋጋ 27 ሳንቲም ግድም፣ ትልቁ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ግድም ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ማስተካከያ ተጀምሯል። አምፖል ቀይሮ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠቅማል የሚባለው ለዚህ ነው።

ዕድሜውም ይለያል። የድሮው አምፖል 1,000 ሰዓት ያህል ቢሠራ ነው፤ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ሰባት ወር ሳይሞላው ይቃጠላል። ጥራት ያለው ኤልኢዲ 15,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል።

አምፖል መቀየር ለአገራችን አዲስ ነገርም አይደለም። በ2001 ክረምት በግድቦች ውኃ ማነስ የተነሣ መብራት በተራ ይታደል እንደነበር የማያስታውስ ወላጅ የለም። በዚያው ሰሞን የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ደንበኞች የድሮውን አምፖል ይዘው ሲመጡ በነጻ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ይለውጥ ነበር። እናቴም የተጠማዘዙትን ነጫጭ አምፖሎች ያኔ ነው ያወቀቻቸው። እነዚያ በውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ ስላለባቸው በዶሮ ቤት ወይም በመኖ አጠገብ ቢሰበሩ ጉዳት አላቸው። እስካሁን ያላችሁ ቤቶች ሲቃጠሉ በጥንቃቄ አንሡአቸው። ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለበትም።

ጫጩት ቤት፦ መጀመሪያ ሙቀት

ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ የራሱን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ፣ ላባ እስኪያበቅል ድረስ እስከ አምስትና ስድስት ሳምንት ይዘልቃል። ይህን ሥራ ድሮ እናትየው ዶሮ ትሠራው ነበር። በየሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ሆነ በግል ያለ እናት የመጡትን ጫጩቶች የሚያሞቃቸው ግን እኛ ያዘጋጀንላቸው ነገር ብቻ ነው። ብዙ ቤት የ45 ቀን ዶሮ መግዛት የሚመርጠውም ይህን አስቸጋሪ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲያሳልፍለት ነው።

ቴርሞሜትር የሌለው ቤት ጫጩቶቹን ማየትና መስማት ይችላል። ከሙቀቱ ሥር ተጠጋግተው ተደራርበው ጮክ ብለው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ርቀው፣ ክንፋቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን ገልጠው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሹ ከወዲያኛው በኩል ንፋስ ይገባል ማለት ነው። ተበታትነው የሚበሉ፣ የሚተኙ፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ ከሆነ ተመችቷቸዋል። ይህን አያቶች ለልጅ ልጅ ቢያሳዩት የትኛውም መጽሐፍ ከሚያስተምረው በላይ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንመለስ። ሁለት ባለ 60 ሻማ አምፖል ቀንና ሌሊት ለ28 ቀን ቢበራ ከ80 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ቅድም ካሰላናቸው የቤቱ አሥር አምፖሎች የአንድ ወር ፍጆታ ጋር ይቀራረባል። እኔ ሂሳቡን ልቀንስ ብዬ የቀየርኩት ቦታ በእርግጥም ብዙ የሚበላው ነበር። ስህተቱ ሙቀቱን ሌላ ቦታ ሳላዘጋጅ መንቀሌ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ሥራ መለየት ነው፤ ለብርሃን አንድ ትንሽ ኤልኢዲ፣ ለሙቀት ደግሞ ለሙቀት የተሠራ ነገር።

በአገራችን የግብርና ተመራማሪዎች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የድርቆሽ ሣጥን ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የእንጨት ሣጥን ግድግዳው በውስጥ በኩል በወፍራም ድርቆሽ ይደለደላል፤ ከላይ አየር በሚያሳልፍ ጆንያ ወይም ጨርቅ ይሸፈናል። ጫጩቶቹ ሌሊት እዚያ ውስጥ ተጠጋግተው ሲተኙ የራሳቸው ሙቀት ሳይባክን ይቆይላቸዋል። ቀን ቀን በፊት ለፊቱ ባለው የታጠረ ቦታ ወጥተው ይበላሉ፤ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሣጥኑ የማይጨናነቁበት፣ ግን ተበታትነው የማይበርዱበት ስፋት ሊኖረው ይገባል። እርጥብ ድርቆሽ ስለሚሻግት ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። እንደ ጀልዱና ሆለታ ባሉ ብርዳማ ቦታዎች፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሙቅ ውኃ የተሞላ፣ ክዳኑ በደንብ የታሰረ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ በመሐላቸው ማስቀመጥ ያግዛል። ዝቅ ብላ በምትገኘው ባኮ ሌሊቱ ሞቅ ስለሚል ችግሩ ይቀላል።

በኤሌክትሪክ ማሞቅ የሚፈልግ ለጫጩት ማሞቂያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ አምፖል ይጠቀም። በገመዱ ብቻ ሳይሆን በሰንሰለት ወይም በሽቦ ይሰቀል፤ ሰጋቱራና ካርቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። መብራት ሲሄድም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይታሰብ።

ከሰልን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው መብራት ሲሄድ ምድጃ ሙሉ ፍም ወደ ጫጩት ክፍል ያስገባል። ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል። ጫጩት ለመጠበቅ ብሎ ልጅ ወይም አያት ፍም ካለበት ክፍል ውስጥ አይተኛ። የግድ ካስፈለገ መስኮትና በር ገርበብ ይበል፤ የሚጠብቀው ሰውም ውጭ ይሁን።

እንቁላል የምትጥል ዶሮና የቀኑ ርዝመት

የእንቁላል ዶሮ ቤት የጫጩት ቤት ተቃራኒ ነው። እዚህ የሚፈለገው ብርሃኑ ነው፤ ኤልኢዲም ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው እዚህ ነው።

ዶሮ እንቁላል እንድትጥል ከሚገፋፏት ነገሮች አንዱ የቀኑ ርዝመት ነው። ብርሃን በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሏ በኩልም ገብቶ አንጎሏን ይቀሰቅሳል። በአምቦ አካባቢ ቀኑ ታኅሣሥ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ሰኔ ላይ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ ደግሞ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ብታገኝ ጥሩ ትጥላለች። ጎደሎውን የምንሞላው ከንጋት በፊት ወይም ከመሸ በኋላ አምፖል በማብራት ነው።

ሦስት ነገር ይታወስ። አንደኛ፣ ገና እንቁላል ያልጀመረች ቄብ ተጨማሪ ብርሃን አይሰጣት። ሰውነቷ ሳይጠና ትጀምርና እንቁላሏ ትንሽ ይሆናል፤ ማኅፀኗም ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲጨመር ቀስ በቀስ ነው፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሦስተኛ፣ አንዴ ከተጨመረ በኋላ አይቀነስ። አንድ ቀን እየበራ አንድ ቀን እየጠፋ የሚሄድ ብርሃን ዶሮዎቹን ያናውጣል፤ እንቁላል ሊያቋርጡ፣ ላባቸውንም ሊያራግፉ ይችላሉ።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ኤልኢዲ ትንሽ ስለሚበላ ግን መላ አለው። ባለ 9 ዋት አምፖል አራት ሰዓት ሲበራ የሚፈልገው 36 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን በፀሐይ የሚሞላ አነስተኛ ባትሪና በቀጥታ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ይሸፍነዋል። ለባለ 60 ሻማው ይህ አይታሰብም ነበር።

ብርሃኑ ምን ያህል ይሁን? ለመቶ ዶሮ የሚሆን 20 ካሬ ሜትር ያህል ክፍል በሁለት ሜትር ከፍታ በተሰቀለ አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ይበቃዋል። ቀላሉ መለኪያ ይህ ነው፦ ማታ ይህንኑ ጋዜጣ ይዘው ይግቡ፤ በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ዝቅ አድርገው ይያዙት። ጽሑፉን ማንበብ ከቻሉ ብርሃኑ በቂ ነው። በጣም የደመቀ ብርሃን እርስ በርስ እንዲነካከሱ ያደርጋቸዋል። ከነጩ ይልቅ ሞቅ ያለ ቢጫማ ቀለም ያለው ይመረጣል።

በረቱና የአያት ዓይን

ላም የሚታለበው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ጨለማ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በቀን ከ16 እስከ 18 ሰዓት ደማቅ ብርሃን ያገኙ ላሞች ወተታቸው ጨምሯል። አንድ ሁለት ላም ላለው ቤት ግን ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። ጡቱ በደንብ ታጥቦ እንደሆነ፣ ማበጡን፣ የመጀመሪያው ወተት እንደ እርጎ መቆራረጡን የምናየው ብርሃን ሲኖር ነው። የጡት በሽታ በጊዜ ከታየ ይታከማል፤ ከዘገየ ጡቱን ሊያደርቅ ይችላል። አምፖሉ ከአላቢው ጀርባ ከተሰቀለ ጥላው ጡቱ ላይ ስለሚያርፍ ከጎን በኩል ይሰቀል።

ስለ አላቢዋም እናስብ። በስድሳ ዓመት ዓይን ውስጥ ገብቶ እስከ ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን፣ በሃያ ዓመት ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ነው። ልጅ «ይታየኛል» በሚልበት መንገድ ላይ አያት ይደናቀፋሉ። በኩራዝና በፋኖስ ያደጉ ሰዎች ስለዚህ ነገር አያማርሩም፤ ለምደውታል። ከቤት እስከ በረት ባለው መንገድ ላይ አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል መስቀል የስንት ሰው ዳሌ ያድናል። እኔ ከሰቀልኳቸው ሁሉ እናቴ አስተያየት የሰጠችበት ይህን ብቻ ነው። «አሁን ጉድጓዷን አያታለሁ» አለችኝ። ጉድጓድ መኖሩንም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ትልልቆቹ እርሻዎችም የሚጠይቁት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስንሄድ ሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች የፕላስቲክ ቤቶች ይታያሉ። እንደ ጂፕሶፊላ ያሉ ደቃቅ ነጫጭ አበቦች የሚያብቡት ቀኑ ሲረዝም ነው። ቀናችን ከ12 ሰዓት ብዙ ስለማይርቅ እንዲህ ዓይነት አበባ የሚያመርት እርሻ ሌሊቱን በአምፖል እየከፈለ ተክሉን ቀን የረዘመ ያስመስልበታል። ለዚህ ሥራ የድሮው አምፖል በዓለም ዙሪያ ሲያገለግል ኖሯል። እርሱን በማንኛውም ኤልኢዲ መተካት ግን አይቻልም። ተክሉ የሚፈልገው ድምቀት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው እምብዛም የማያየው ጥልቅ ቀይ ብርሃንም ነው፤ ተራው የቤት ኤልኢዲ ደግሞ እርሱን አይሰጥም። ስለዚህ ለአበባ ተብሎ የተዘጋጀ ኤልኢዲ ይገዛሉ። ጥያቄው ከእናቴ አሮጌ ማድቤት ጋር አንድ ነው፤ አምፖሉ ከብርሃኑ ሌላ ምን እየሰጠ ነበር?

ሲገዙ

ገበያ ላይ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። በማሸጊያው ላይ ዋቱን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑን መጠን፣ ሉመን የሚለውን ቁጥር ይዩ፤ ለባለ 60 ሻማ ምትክ 800 ያህል ይሆናል። የኃይል መዋዠቅ በሚበዛበት ቦታ ዝቅም ከፍም ባለ ቮልቴጅ የሚሠራ ይምረጡ። ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ ይሻላል። አምፖሉ በርቶ የስልክ ካሜራ ሲደግኑበት ምስሉ በጥቁር መስመር ከተንቀጠቀጠ ብርሃኑ ይርገበገባል ማለት ነው፤ የእኛ ዓይን ባያየውም ዶሮ ልታየው ትችላለችና ሌላ ይምረጡ። በበረትና በዶሮ ቤት አቧራና እርጥበት ስላለ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ መያዣ ያስፈልጋል። አይጥ የበላው ገመድ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ ከአምፖሉ በፊት እርሱ ይስተካከል፤ ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉት።

ከሁሉ በፊት ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አይቀይሩ። አንዱን ይቀይሩ፤ ለሳምንት ይዩት። እንስሳ ያለበት ክፍል ከሆነ በዚያች ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ይግቡ።

የተረፉት ሃያ ስምንት

በዚያ የገና ማለዳ ጨርቅ እንደያዝኩ ሁለቱን ቢጫ አምፖሎች መልሼ ሰቀልኳቸው። ከሃያ ስምንቱ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ ሞቱ። ሃያ ስድስቱ አደጉ። በሰኔ እንቁላል ሲጀምሩ እናቴ ደውላ ነገረችኝ፤ የሞቱትን አላነሣችም። እኔ ግን የሃያ አራቱን ጫጩት ዋጋ በወሩ ላኩላት። «ምን ያደርግልኛል» እያለች ተቀበለችኝ። ለልጅቷ ደብተርና ጫማ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ጫጩት ስታስገባ ሣጥኑን የሠራው የሰፈሩ አናጢ ነው፤ ድርቆሹን ያመጣነው ከበረት ነው። ከሣጥኑ በላይ አንድ ትንሽ ኤልኢዲ አለች፤ መኖና ውኃ ለማየት ብቻ። ቢጫዎቹን አልጣለችም። በጋዜጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣቸዋለች።

እዚያ ባደርኩበት ሌሊት የእህቴ ልጅ በባዶ እግሯ ተነሥታ ወደ አሮጌው ማድቤት ስትሄድ ሰማኋት። በአፋን ኦሮሞ አያቷን «አኮ» ነው የምትላት። በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አዳመጠችና ተመለሰች።

«አኮ፣ ቀስ ብለው እያወሩ ነው» አለች።

እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ «እንግዲያው ተኚ» አለቻት።